የወረዳ ዐቃቤ ሕግ ሥራና የሥራው መለኪያ

የወረዳ ዐቃቤ ሕግ ሲባል ብዙ ሰው በዐይነ ኅሊናው የሚመጣለት በችሎት ቆሞ ተከሳሹ እንዲቀጣ የሚጠይቀው የመንግሥት ተሟጋች ነው። ይሁንና ለተበዳይም ሆነ ለተጠርጣሪ ከችሎቱ ክርክር የማያንስ ውሳኔ የሚሰጠው ቀደም ብሎ፣ ፖሊስ ያጠናቀቀው የምርመራ መዝገብ ዐቃቤ ሕጉ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ነው። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ ወይስ በዚያው ይቁም የሚለው የሚወሰነው እዚያ ነው።

«ዐቃቤ» የግእዝ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ጠባቂ ማለት ነው። በቀድሞው ሥርዓት በዳይን ከዳኛ ፊት ማቅረብ በአብዛኛው የተበዳዩና የዘመዶቹ ሸክም ነበር። ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በአፋርሳታ ተሰብስቦ ያወጣጣ ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽም በበላ ልበልሃ ይሟገቱ ነበር። በመንግሥት ስም የሚከስ ባለሙያ በዘመናዊ ሕግ የተደራጀው በዐቃብያነ ሕግ ዐዋጅ ነው። ዛሬ በአማራ ክልል ሥራው የሚመራው በክልሉ ፍትሕ ቢሮ ሲሆን፣ በዞን የፍትሕ መምሪያ፣ በወረዳ ደግሞ የፍትሕ ጽሕፈት ቤት አለው። እንደ ሰው ግድያ ያሉ ከባድ ወንጀሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚታዩት በዞን ደረጃ ነው። የወረዳው ዐቃቤ ሕግ የዕለት ተዕለት ሥራ ስርቆት፣ ድብደባ፣ ማታለል፣ በሰው ይዞታ ላይ የሚፈጸም ሁከትና የመሳሰለው ነው።

የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንደሚደነግገው ጥቆማ ወይም አቤቱታ ለፖሊስም ለዐቃቤ ሕግም ሊቀርብ ይችላል፤ ምርመራውን የሚያካሂደው ግን ፖሊስ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ምርመራው ተጠናቆ መዝገቡ ሲደርሰው ዐቃቤ ሕጉ ክስ ሊመሠርት፣ ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ መዝገቡን ሊመልስ፣ ለተወሰኑ ከባድ ወንጀሎች ቀዳሚ ምርመራ እንዲካሄድ ሊያዝ ወይም «አያስከስስም» ብሎ ሊወስን ይችላል። የሚከስ ከሆነም ክሱን በ15 ቀን ውስጥ ማዘጋጀት ይጠበቅበታል።

መዝገብ ለተጨማሪ ምርመራ ሲመለስ ባለጉዳዮች ብዙ ጊዜ ጉዳያቸው ሆን ተብሎ የተጓተተ ይመስላቸዋል። አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ የማስረጃ ጉድለት ነው። የበሬ ስርቆት ጥሩ ምሳሌ ነው። ዱካው ወደ አንድ ሰው ግቢ ያመራል መባሉ ለጥርጣሬ እንጂ ለክስ አይበቃም። ዐቃቤ ሕጉ በሬውን ሲነዳ ያየው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ገበያ እንደተሸጠ፣ ገዢው ከማን ገዛሁ እንደሚል ማወቅ ይፈልጋል። በሬው ተገኝቶ ከሆነ ባለቤቱ ከብቱን ከማየቱ በፊት ቀለሙን፣ የቀንዱን አኳኋንና የጆሮውን ምልክት ለፖሊስ አስመዝግቦ እንደነበር ይመለከታል። ይህን ሁሉ ሳይዝ የተመሠረተ ክስ በችሎት ሲፈርስ ተከሳሹ በነጻ ይሰናበታል፤ በዚያው ጉዳይም ዳግመኛ ሊከሰስ አይችልም። ስለዚህ መዝገቡ ለአንድ ወር መዘግየቱ ለበሬው ባለቤት የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

«አያስከስስም» የሚለው ውሳኔ ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ከእነዚህም ዋናው ማስረጃው ተከሳሹን ጥፋተኛ ለማሰኘት የማይበቃ መሆኑ ነው። ወንጀሉ በይርጋ የታገደ ወይም በምሕረት የተሻረ ሲሆንም እንዲሁ ነው። ባለጉዳዮች ሊያውቁት የሚገባው፣ ብዙዎች ግን የማያውቁት ነገር አለ፤ ዐቃቤ ሕጉ እምቢታውን ምክንያቱን ጠቅሶ በጽሑፍ መስጠት አለበት። በቃል «ሂድ፣ አይሆንም» መባል ውሳኔ አይደለም። ምክንያቱ የማስረጃ ማነስ ከሆነና ወንጀሉ ያለ ግል አቤቱታ የሚያስከስስ ከሆነ፣ ተበዳዩ ውሳኔው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ዐቃቤ ሕጉ ክስ እንዲመሠርት ይታዘዝልኝ ብሎ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ቅሬታን ለዞኑ ፍትሕ መምሪያ ማቅረብም የተለመደ ነው። ደብዳቤውን ያልተቀበለ ሰው ግን ቀኑን ከየት እንደሚቆጥር እንኳ አያውቅም።

ስድብ፣ ስም ማጥፋት፣ ቀላል የአካል ጉዳትና የመሳሰሉት በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ወንጀሎች ናቸው። በእነዚህ ተበዳዩ ወንጀሉን ወይም ወንጀለኛውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ አቤቱታ ካላቀረበ መብቱ ይቋረጣል። ዐቃቤ ሕጉ አልከስም ካለ ተበዳዩ ራሱ የግል ክስ እንዲያቀርብ በጽሑፍ ሊፈቅድለት ይገባል፤ ፍርድ ቤቱም ወደ ክርክሩ ከመግባቱ በፊት ተከራካሪዎቹን ለማስታረቅ ይሞክራል።

ከጽሕፈት ቤቱ በር የሚመለሱ ባለጉዳዮች ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ጉዳያቸው ወንጀል ሳይሆን የፍትሐ ብሔር ክርክር ስለሚሆን ነው። የተበደረውን ገንዘብ በቀኑ ያልመለሰ ሰው ወንጀለኛ አይደለም፤ አበዳሪው የሚጠይቀው በፍትሐ ብሔር ክስ ነው። ገንዘቡን የወሰደው ከመነሻው በሐሰት አታልሎ ከሆነ፣ ወይም በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ጽፎ ሰጥቶ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። የእርሻ ድንበርም እንዲሁ ነው። «ወሰኑ የት ነው?» የሚለው ክርክር የሚታየው በይዞታ ማረጋገጫ ደብተርና በመሬት አስተዳደር መዝገብ ሲሆን፣ የሰውን ይዞታ በኃይል መያዝ ወይም የተዘራን ሰብል ማውደም ወደ ወንጀሉ ሕግ ይገባል።

ክሱ ከተመሠረተ በኋላ የዐቃቤ ሕጉን ድካም ብዙ ጊዜ ከንቱ የሚያስቀረው የምስክሮች ጉዳይ ነው። ምስክሩ ገበሬ ነው፤ ቀጠሮው በአጨዳ ወይም በውቂያ ወራት ይውላል፤ ከቀበሌው እስከ ወረዳው ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። መጥቶ ችሎቱ ሳይሰየም ወይም ተከሳሹ ሳይቀርብ ሲቀር ሁለተኛ ለመምጣት ልቡ አይነሣም። ዐቃቤ ሕጉ ምስክሩ በፖሊስ ተገድዶ እንዲቀርብ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ነገር ግን ተገድዶ የመጣ ምስክር የሚሰጠው ቃል ምን ያህል እንደሚረዳ ባለሙያዎቹ ያውቁታል።

ሌላው ሽምግልና ነው። ሽማግሌዎች በዳይና ተበዳይን ሲያስታርቁ ካሳ ያስከፍላሉ፤ ቤተሰቦች ደም እንዳይቃቡም ያስምላሉ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ፍርድ ቤት ሊያስቀረው የማይችለውን ቂም የሚያበርደው እርቅ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከእርቁ በኋላ ምስክሮች ለፖሊስ የሰጡትን ቃል በችሎት «አላየሁም» ብለው ሲያጥፉ ነው። በግል አቤቱታ በሚያስከስሱ ወንጀሎች እርቁ ጉዳዩን ሊዘጋ ይችላል። በከባድ ወንጀል ግን ከሳሹ ተበዳዩ ሳይሆን መንግሥት ስለሆነ እርቁ ክሱን አያስቀረውም። ያም ሆኖ እርቁ ከንቱ አይቀርም፤ ጥፋቱን አምኖ የተጸጸተና ጉዳቱን የካሰ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 መሠረት ይህ የቅጣት ማቅለያ ሊሆንለት ይችላል። እውነቱን መመስከርና መታረቅ እርስ በርስ አይጣሉም ማለት ነው። በሐሰት መመስከር ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ያለዕድሜ ጋብቻ ላይ የዐቃቤ ሕግ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ከሠርጉ በፊት ነው። የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 መሠረት ልጅቱ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ እስከ 7 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስከትላል፤ ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከወንጀል ተጠያቂነት አያድንም። በተግባር የሚያስቸግረው የዕድሜ ማስረጃ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት ቤተሰብ «18 ሞልቷታል» ሲል፣ ዐቃቤ ሕጉ የክርስትና ቀን፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የክትባት ካርድ ወይም የሐኪም የዕድሜ ግምት ይፈልጋል። ስለዚህም የመምህራንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጥቆማ ከነማስረጃው ሲመጣ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ጽሕፈት ቤቶቹ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሲያቀርቡ ጎልቶ የሚነበበው የማስቀጣት ምጣኔ ነው። ቁጥሩ ትርጉም አለው፤ የሚናገረው ግን ከተከሰሱት መካከል ጥፋተኛ የተባሉትን ብቻ ነው። 100 መዝገብ መጣ፣ በ60ው ክስ ተመሠረተ፣ በ57ቱ ጥፋተኝነት ተረጋገጠ ቢባል ምጣኔው 95 በመቶ ይሆናል። የቀሩት 40 መዝገቦች በማስረጃ እጦት ተዘጉ፣ ወደ ፖሊስ ተመለሱ ወይስ ተረሱ የሚለውን ግን አይነግርም። ቀላሉን ብቻ መርጦ የሚከስ ጽሕፈት ቤትም ከፍተኛ ምጣኔ ሊያስመዘግብ ይችላል። አንባቢ የአንድን ወረዳ የሥራ ውጤት መመዘን ከፈለገ የተዘጉትን መዝገቦች ብዛትና ምክንያት፣ እንዲሁም መዝገቦቹ የፈጁትን ጊዜ አብሮ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

በሪፖርት ብዙም የማይጎላ ሌላ ሥራም አለ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ለሌላቸው ሴቶች፣ አረጋውያን፣ ሕፃናትና አካል ጉዳተኞች ጽሕፈት ቤቱ ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል፣ የቀለብና የመሳሰሉ የፍትሐ ብሔር አቤቱታዎችንም ያዘጋጃል። ዐቃብያነ ሕግ የፖሊስ ማቆያዎችንና ማረሚያ ቤቶችን እየጎበኙ ያለአግባብ የታሰረ ሰው መኖሩን ያጣራሉ፤ የመንግሥትን ገንዘብና ንብረት በሚመለከቱ ክርክሮችም ይቆማሉ።

ካሳን በተመለከተ ሕጉ የሰጠው አንድ ዕድል ብዙ ጊዜ ሳይጠቀሙበት ያልፋል። በወንጀሉ የተጎዳ ሰው የወንጀሉ ክስ መሰማት ሲጀምር ካሳ እንዲወሰንለት ለዚያው ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን ባይቀበለው እንኳ በተለየ የፍትሐ ብሔር ክስ የመጠየቅ መብቱ አይነካም። ለዚህም የሕክምና ደረሰኙን፣ የጠፋውን ንብረት ግምትና ሥራ የፈታበትን ቀን ከመጀመሪያው ጀምሮ በጽሑፍ ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መቅረብ ይኖርበታል።