ከቤተ መቅደስ ደጃፍ እስከ ወረቀት፦ የባሊው ሠዓሊ ሌምፓድ ሕይወትና ሥራ

ኢ ጉስቲ ኞማን ሌምፓድ በኢንዶኔዥያዋ የባሊ ደሴት ለዘመናዊ ሥዕል መሠረት ከጣሉ ባለሙያዎች አንዱ ናቸው። ሠዓሊ፣ ቀራጭና የቤተ መቅደስ ንድፍ አውጪ የነበሩት እኚህ ሰው በዓለም የታወቁባቸውን ሥዕሎች የሠሩት ዕድሜያቸው 60 ካለፈ በኋላ ነው።

ሌምፓድ የተወለዱት በቤዱሉ መንደር ሲሆን፣ የልደት ዘመናቸው በጽሑፍ አልተመዘገበም። እንደ ብዙ የገጠር ሽማግሌዎች ሁሉ ዕድሜያቸው የሚሰላው በታላቅ ክስተት ነው፤ እ.ኤ.አ በ1883 የክራካታው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ትዳር ይዘው ነበር ስለሚባል፣ በ1862 አካባቢ እንደተወለዱ ይገመታል። በልጅነታቸው ቤተሰባቸው ወደ ኡቡድ ተሰዶ በአካባቢው ገዢዎች፣ በሱካዋቲዎች ጥላ ሥር ኖረ።

በዚያ ዘመን በባሊ የጥበብ ሥራ በዋናነት ለሂንዱ አምልኮና ለቤተ መንግሥት የሚቀርብ አገልግሎት ነበር። ሌምፓድም የቤተ መቅደስ ደጃፎችን ነደፉ፣ ሐውልቶችን ቀረጹ፣ የበዓል ጭምብሎችን አዘጋጁ። አስከሬን የሚሸኝባቸውን ያጌጡ ማማዎችም ሠርተዋል፤ ብዙ የተደከመባቸው እነዚህ ማማዎች በሥርዓቱ ዕለት በእሳት ይቃጠላሉ። በሥራው ላይ የሠሪው ስም አይጻፍም ነበር።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ጀርመናዊው ዋልተር ስፒስና ኔዘርላንዳዊው ሩዶልፍ ቦኔት የተባሉ ሠዓሊዎች ወደ ኡቡድ መጡ። ሌምፓድ በወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም በስፋት መሣል የጀመሩትም በዚያው ወቅት ነው። የባሊ ሠዓሊዎች ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ሲሞሉት፣ እርሳቸው ግን በቀጭን መስመር የሰውን አካል ሠርተው ዙሪያውን ባዶ ይተዉታል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ቀይና ወርቃማ ቀለም ጣል ያደርጉበታል። ከማሃባራታ ታሪኮች ባሻገር ተራውን ሕዝብም ሥለዋል። 18 ልጆች ያሏቸው የድኾቹ ባልና ሚስት የብራዩት ተረት ከታወቁት ሥራዎቻቸው መካከል ነው።

ጎብኚዎች ሲበራከቱ ሥዕል ገበያ አገኘ፤ ነገር ግን ለፈጣን ሽያጭ ተብሎ በጥድፊያ የሚሠራው ዕቃም በዛ። ይህን ለመከላከል በ1936 ፒታ ማሃ የተሰኘ የሠዓሊዎችና የቀራጮች ማኅበር ተቋቋመ። የኡቡዱ ልዑል ቾኮርዳ ግዴ አጉንግ ሱካዋቲ፣ ስፒስ፣ ቦኔትና ሌምፓድ ከመሥራቾቹ ይገኙበታል። ማኅበሩ ከ100 በላይ አባላት ነበሩት። የአባላቱን ሥራ እየመረመረ ጥራት ያለውን ይመርጥ፣ በውጭ አገር ዐውደ ርእዮችም ያቀርብ ነበር። በመንደር የሚኖር ባለሙያ ከሥራው ጥራት ሳይጎድል ገቢ እንዲያገኝ መንገድ ከፍቷል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መምጣት ግን እንቅስቃሴውን ገታው።

ሌምፓድ ከጦርነቱ በኋላም ሥራቸውን ቀጠሉ። በኡቡድ የሚገኘው የሳራስዋቲ ቤተ መቅደስ የእጃቸው ውጤት ነው። በ1956 በተከፈተው የፑሪ ሉኪሳን ሙዚየም ግንባታም ንድፍ አውጪ ነበሩ።

ሌምፓድ ሚያዝያ ወር 1978 በ116 ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው ዐረፉ። በዕለቱ ቤተሰባቸውን ሰብስበው፣ ገላቸውን ታጥበውና ነጭ ልብስ ለብሰው እንደተሰናበቱ ይነገራል። ለቤተ መቅደስ የቀረጿቸው ድንጋዮች በኡቡድና በአካባቢዋ ዛሬም በአገልግሎት ላይ ናቸው፤ ሥዕሎቻቸውም በባሊና በኔዘርላንድስ ሙዚየሞች ተጠብቀው ይገኛሉ።