ኒንጃውና የባሕር ወንበዴው ቢገጥሙ

የባሕር ወንበዴና ኒንጃ ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል? ጥያቄው የልጆች ነው። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን ፊልም ያየን ሁሉ ሳንከራከርበት አላደግንም። አንዱ ወገን መድፉንና አንድ ዐይኑን በጨርቅ የሸፈነ ካፒቴኑን ያቀርባል፤ ሌላው ጣራ ለጣራ የሚሮጠውን ጥቁር ለባሽ። ክርክሩ የማይቋጨውም ሁለቱን ከየት ለየት አገናኝተን እንደምናጋጥማቸው ስለማናውቅ ነው፤ አንዱ ከካሪቢያን፣ ሌላው ከጃፓን።

ውድ አንባብያን፣ ታሪክ ግን ይህን ርቀት አያውቀውም። ጃፓን የራሷ የባሕር ወንበዴዎች ነበሯት፤ እነርሱም ኒንጃ ከምንላቸው ሰዎች ጋር በአንድ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኖረዋል። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።)

በሆንሹና በሺኮኩ ደሴቶች መካከል ሴቶ የሚባል የውስጥ ባሕር አለ። በዚያ ሙራካሚ የተባለ ቤተሰብ በሦስት ደሴቶች፣ በኖሺማ፣ በኩሩሺማና በኢኖሺማ ተከፍሎ መተላለፊያውን ይዞ ነበር። ኖሺማ ትንሽ ደሴት ናት፤ በዙሪያዋ ግን ባሕሩ እንደ ክረምት ወንዝ ይጋልባል። ውኃው መቼ እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ ያልፋል፤ የማያውቅ ከድንጋይ ይላተማል። የሙራካሚዎች ኃይል ከሰይፍ በፊት ይህ እውቀት ነበር።

ወንበዴ የሚለው ቃልም እዚህ ላይ ይጠባል። ነጋዴው ከከፈላቸው ምልክታቸው ያለበት ባንዲራ ይሰጡታል፤ ባንዲራውን የሰቀለ መርከብ አይነካም። ከእነዚህ ባንዲራዎች አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል። በባንክ መስኮት ጀርባ ለሚውል እንደ እኔ ላለ ሰው ነገሩ ደረሰኝ ነው፤ በጨርቅ ላይ የተጻፈ ደረሰኝ። በ1557 ወደ አገራችን የዘለቁት የኢየሱሳውያን ማኅበር ሰዎች በጃፓንም ነበሩና፣ በ1586 በዚያ ባሕር ሲያልፉ ይህንኑ ባንዲራ ከኖሺማ ጌታ መቀበላቸውን ፖርቱጋላዊው ሉዊስ ፍሮይስ ጽፎልናል።

ወደ ተራራው እንውጣ። ኢጋ በተራሮች የተከበበች፣ አንድ ገዥ ያልነበራት አውራጃ ናት። ባላባቶቿ በማኅበር ተማምለው ራሳቸውን ያስተዳድሩ ነበር፤ ለሚከፍላቸውም ጌታ ስለላና ሌሊት ሰርጎ መግባትን ይሠሩለታል። በዘመናቸው ሺኖቢ ይባሉ ነበር፤ ኒንጃ የሚለው አጠራር የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ጥቁር ልብሱንም የቲያትር ዓለም ሳያበድረን አልቀረም። በካቡኪ መድረክ ዕቃ የሚያቀብሉ ሠራተኞች ጥቁር ይለብሳሉ፤ ተመልካቹም እንደሌሉ ይቆጥራቸዋል። እውነተኛው ሺኖቢ ግን መነኩሴ፣ ነጋዴ ወይም ገበሬ መስሎ በቀን የሚሄድ ሰው ነበር። ገበያ ውስጥ ጥቁር ጭንብል አጥልቆ የሚዞር ሰላይ ምን ዓይነት ሰላይ ነው?

በ1676 የሙያቸው እውቀት ባንሴንሹካይ በተባለ ትልቅ መጽሐፍ ተሰብስቧል። የርእሱ ትርጉም ዐሥር ሺህ ወንዞች ወደ ባሕር ሲሰበሰቡ እንደማለት ነው። ባሕር የሌላቸው ተራራማዎች ለመጽሐፋቸው የባሕር ስም ማውጣታቸው ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ቢገጥሙስ? ግልጽ ውጊያ ከሆነ የኔ ፍርድ ለባሕሩ ሰዎች ነው። ሺኖቢ አይቶና ሰምቶ በሕይወት ለመመለስ የተላከ ነው፤ ሰይፍ ከተመዘዘበት ሥራው ያን ጊዜ ከሽፏል። ነገር ግን ወንበዴውም ቢሆን መዋጋቱን አይወደውም፤ የተቃጠለ መርከብ ቀረጥ አይከፍልም። የሁለቱም ሙያ የሚያምረው ውጊያ ሳይኖር ነው።

ችግሩ ለመዋጋት የመጣ ሦስተኛ ሰው መኖሩ ነው፤ ኦዳ ኖቡናጋ። በ1576 የኖቡናጋ ሠራዊት ኦሳካ ላይ አንድ የቡድሂስቶች ምሽግ ከቦ ሳለ፣ ሙራካሚዎች ከሞሪ መርከቦች ጋር መጥተው የሚፈነዳ ሸክላ እየወረወሩ መርከቦቹን አቃጠሉ፤ ለተከበቡትም ስንቅ አስገቡ። ኖቡናጋ የመለሰው በሌላ የባሕር ወንበዴ ነው። ከሺማ ጠረፍ የተነሣውን ኩኪ ዮሺታካን ስድስት ታላላቅ መርከቦች አሠራው፤ በዘመኑ የነበረ አንድ መነኩሴ በማስታወሻው የብረት መርከቦች ይላቸዋል። በ1578 እነዚህ መርከቦች የሞሪን ኃይል መለሱ።

የኢጋ ዕጣም ተመሳሳይ ነው። በ1579 የኖቡናጋ ልጅ ኖቡካትሱ አባቱን ሳያስፈቅድ ኢጋን ወርሮ ተዋርዶ ተመለሰ። በ1581 አባትየው ራሱ በዐሥር ሺሆች የሚቆጠር ጦር ከየአቅጣጫው አስገባ። መንደሩ ሁሉ ነደደ። ጣራ ላይ መሮጥ ጣራው ሲቃጠል ምን ይረባል?

ለባሕሩ ሰዎች የመጨረሻው ምት የመጣው ግን በወረቀት ነው። በ1588 የኖቡናጋ ተተኪ ሂዴዮሺ፣ ገበሬው ሰይፉን እንዲያስረክብ ባዘዘበት በዚያው ቀን፣ የባሕር ውንብድናን የሚከለክል ዐዋጅ አወጣ። መርከበኛውና ዓሣ አጥማጁ ተመርምሮ በፊርማ ይማል፤ ወንበዴ በግዛቱ የተገኘበት ጌታ ርስቱን ይነጠቃል። የኖሺማው ጌታ ሙራካሚ ታኬዮሺ ለዘመናት የተከበረው ባንዲራው በአንድ ቀን ጨርቅ ሆነበት።

በእኛ አገር የቋራው ካሳ ከሽፍትነት ተነሥቶ በ1855 ንጉሠ ነገሥት ሆኗል። ጃፓን ለሽፍቶቿ የሰጠችው ሹመት ከዚህ ይለያል። የኩሩሺማ ቤት በ1601 በኪዩሹ ተራሮች መካከል ግዛት ተሰጠው። ኖቡናጋን በብረት መርከብ ያገለገለው የኩኪ ቤትም በ1633 ከባሕር ተነሥቶ ሳንዳና አያቤ ወደተባሉ የመሀል አገር ከተሞች ተዛወረ፤ ልጆቻቸው ማዕበል ሳያዩ አደጉ። የኢጋ ሰዎች በበኩላቸው፣ ኖቡናጋ በ1582 በተገደለ ጊዜ ቶኩጋዋ ኢዬያሱን በተራራቸው አሾልከው ወደ ባሕር ጠረፍ አድርሰውት ነበርና፣ እርሱ ሲነግሥ የኤዶ ግንብ ዘብ አደረጋቸው። በአለቃቸው በሃቶሪ ሃንዞ ስም የተጠራው በር ዛሬም በቶኪዮ አለ፤ የምድር ባቡሩም መስመር በስሙ ይጠራል።