እምነት በአዋጅ ይለወጣልን?

የሰው መልክ እንደሚለያይ ሁሉ በልቡ የሚያምነውም ነገር ይለያያል። በአንድ ሀገር፥ በአንድ መንደር፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሰዎች ስለ እግዚአብሔርና ስለ ነፍስ ያላቸው አሳብ አንድ አይደለም። ይህ ልዩነት በሀገራችን በኢትዮጵያ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም፤ ገዢዎችም ይህን ልዩነት በአዋጅ ሊያጠፉት የሞከሩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ትምህርት ቤታችን የምሥረታውን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ይህን ጉዳይ ለመጻፍ የመረጥነው፥ ሃይማኖታችን ልዩ ልዩ ሲሆን በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠን ስለ ተማርን ነው። ጥያቄያችንም አንድ ነው፤ ይኸውም የሰው እምነት በአዋጅ ይለወጣልን? የሚል ነው። መልሱን ከታሪክ እንፈልጋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይወቁልን።

በመጀመሪያ ወደ ዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን እንመለስ። ከ1529 ጀምሮ የኢማም አሕመድ ጦር አብዛኛውን የክርስቲያን ሀገር በያዘ ጊዜ ብዙ ሰዎች በሰይፍ ፍርሃት ሃይማኖታቸውን ለውጠው ነበር። በ1541 ፖርቱጋሎች ለእርዳታ መጡ፤ በ1543ም ኢማሙ በጦርነት ሞተ። ከዚያ በኋላ በግድ ከሰለሙት ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ እምነታቸው ተመለሱ፤ ቤተ ክርስቲያንም በንስሐ ተቀበለቻቸው። ሰይፉ ሲነሣ፥ በሰይፍ የመጣውም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ከፖርቱጋሎች ወታደሮች በኋላ ደግሞ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት መጡ። እነርሱም ኢትዮጵያውያን ቅዳሜን በማክበራቸው፥ በመገረዛቸውና የእሪያ ሥጋ ባለመብላታቸው የአይሁድን ሕግ ይከተላሉ ብለው ይነቅፉ ነበር። ገላውዴዎስ ነቃፊዎቹን አላሠረም፥ አልገደለም። በ1555 የእምነቱን ምስክርነት በብዕር ጽፎ መለሰላቸው። ቅዳሜን የምናከብረው እንደ አይሁድ አይደለም፤ ግዝረትም የሀገር ልማድ ነው እንጂ ለመዳን የሚደረግ አይደለም፤ የእሪያንም ሥጋ የማንበላው ሕገ ኦሪት አስገድዶን አይደለም ሲል አስረዳ። ንጉሡ በእምነቱ የጸና ነበረ፤ ነገር ግን በቃል ለመጣበት በቃል መለሰ። ይህን ነገር አንባቢው በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ምክንያቱም ቀጥለው የመጡት ብዙዎች ይህን መንገድ ትተውታልና።

በ1603 ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለ እስፓኛዊ ኢየሱሳዊ ካህን ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ፓኤዝ ትዕግሥተኛና ብልህ ሰው ነበረ። የሀገሩን ቋንቋ ተማረ፤ በአድዋ አጠገብ በምትገኘው በፍሬሞና ልጆችን አስተማረ፤ ከሊቃውንትም ጋር ተከራከረ። የሚሻውን በክርክርና በማሳመን ይፈልግ ነበር እንጂ አይቸኩልም ነበር። በእርሱ ትምህርት ከተሳቡት አንዱ ዐፄ ዘድንግል ሲሆን፥ የቅዳሜን በዓል በአዋጅ ስለ ከለከለ ዐመፅ ተነሥቶበት በ1604 ተገደለ። ይህ ለተከታዩ ንጉሥ ማስጠንቀቂያ ሊሆን በተገባው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዙፋኑን የያዘው ዐፄ ሱስንዮስ ግን ያንኑ መንገድ ተከተለ። ከፓኤዝና ካቶሊክ ከሆነው ከወንድሙ ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ጋር እየመከረ፥ ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ ነው የሚለውን ትምህርት ደገፈ። አቡነ ስምዖን ይህን የተቀበለውን ሁሉ አወገዙ፤ የንጉሡ አማች ዮልዮስም ጦር አነሣ። በ1617 በተደረገው ጦርነት ዮልዮስም አቡኑም ሞቱ። በ1622 ንጉሡ የካቶሊክ እምነት መቀበሉን በግልጥ አሳወቀ። በዚያው ዓመት ፓኤዝ ሞተ።

በፓኤዝ ምትክ በ1625 አልፎንሶ ሜንዴዝ ፓትርያርክ ሆኖ መጣ። በየካቲት ወር 1626 ሱስንዮስ በደንቀዝ በሕዝብ ፊት ለሮማው ጳጳስ ለመታዘዝ ማለ። ሜንዴዝ እንደ ፓኤዝ አልነበረም። የተጠመቀው ሕዝብ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱ እንደ ገና እንዲሾሙ፥ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና እንዲባረኩ፥ ግዝረት እንዲቀር፥ የጾሙና የበዓሉም ሥርዓት እንደ ሮማ እንዲሆን አዘዘ። እስቲ አንድ አረጋዊ ገበሬ እናስብ። አባቱና አያቱ በዚያ ጥምቀት ተጠምቀው፥ በዚያ ጾም ጾመው፥ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀብረዋል። አዋጁ ለዚህ ሰው የነገረው አንተ ተሳስተሃል ብቻ ብሎ አይደለም፤ ሙታንህም ክርስቲያን አልነበሩም የሚል ሆኖ ተሰማው። ስለዚህ ነው ሕዝቡ እንደ ንብ የተነሣው።

በዚህ ዘመን ከተነሡት ሁሉ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ታሪክ ልዩ ነው። ባሏ መልክአ ክርስቶስ ከንጉሡ ታላላቅ ሹማምንት አንዱ ነበረ። እርሷ ግን በአቡነ ስምዖን ሞት ከተባበረ ሰው ጋር አልኖርም ብላ ቤቷንና ክብሯን ትታ መነኮሰች። ንጉሡ በችሎት ፊት አቆማት፤ ወደ ሩቅ ቆላ አጋዛት፤ እርሷ ግን አሳቧን አልለወጠችም። እስከ 1642 ድረስ በሕይወት ኖራ በጣና አካባቢ ብዙ ተከታዮችን ሰብስባ ሞተች። ገድሏ በ1672 ተጽፎ ይገኛል። አንዲት ሴት ጦር ሳትይዝ ንጉሥ ሊለውጠው ያልቻለውን ልብ ይዛ እንደ ተገኘች እናስተውላለን።

ዐመፁ ከትግራይ እስከ ላስታ ተስፋፋ። በመጨረሻ በሰኔ ወር 1632 በወይና ደጋ ታላቅ ጦርነት ሆነ፤ ንጉሡም ድል አደረገ። በዚያ ቀን 8,000 ያህል ሰዎች እንደ ወደቁ ተጽፏል። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፥ መኳንንቱ ንጉሡን ሬሳ ወደ ተከመረበት ሜዳ ወስደው፥ እነዚህ የሞቱት የገዛ ወገኖችህ ክርስቲያኖች ናቸው እንጂ የውጭ ጠላት አይደሉም፤ ይህ ድል ለእኛ ሽንፈት ነው አሉት። ሱስንዮስም ያንን ካየ በኋላ አዲሱን እምነት የሰጠኋችሁ መልካም መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ደም ስለ ፈሰሰ የአባቶቻችሁን ሃይማኖት መልሼላችኋለሁ የሚል አሳብ ያለው አዋጅ አስነገረ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። በዚያው ዓመት በሞተ ጊዜ ግን እርሱ ራሱ ከካቶሊክ እምነቱ አልወጣም ነበር። እነሆ፥ የሕዝቡን ልብ በአዋጅ ሊለውጥ ያልቻለው ንጉሥ፥ የራሱም ልብ በገዛ አዋጁ አልተለወጠም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ መልካም ነበር፤ ነገር ግን አልቆመም። የተበደለው ወገን ሥልጣን ሲያገኝ በተራው ሰይፉን አነሣ። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከሀገር አስወጣ፤ ከማስተማር በቀር ጦር ያልያዙ ሁለት የካፑቺን ማኅበር ካህናት፥ አጋታንጅና ካስያን፥ በ1638 በጎንደር ተሰቀሉ። በልጁ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፥ በ1668፥ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል በጎንደር ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተፈረደ።

ከዚህ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ያህል አልፈን ወደ ወሎ እንሂድ። በ1878 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሰበሰበ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረው የተዋሕዶና የጸጋ ልጅ ክርክር በተዋሕዶ አሸናፊነት እንዲዘጋ ተደረገ። ደግሞም የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። በ615 ከመካ ተሰደው የመጡትን የነቢዩ መሐመድን ተከታዮች ተቀብላ ያስጠጋች ሀገር፥ አሁን የራሷን ልጆች ወይ ተጠመቁ ወይ ሹመታችሁን ልቀቁ አለች። ከመኳንንቱ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ። ሼህ ጦልሃን የመሰሉ ግን እምቢ ብለው ተዋጉ፤ ብዙዎችም ተሰደዱ። ከቀሩትም መካከል ቀን ክርስቲያን፥ ሌሊት እስላም ሆነው የኖሩ ነበሩ። አዋጁ ያፈራው አማኝን ሳይሆን ሁለት ስም ያለው ሰው ነው።

እርግጥ አንድ ተቃዋሚ ተነሥቶ፥ ራስ ሚካኤል እስከ ዕለተ ሞቱ ክርስቲያን ሆኖ ኖሮ አብያተ ክርስቲያናትንም አሠርቶ የለምን? ሊለን ይችላል። እውነት ነው። በትእዛዝ የተጀመረ ነገር አንዳንድ ጊዜ በልብ ሥር ይሰዳል። ነገር ግን ሥር የሰደደው በትእዛዙ ኃይል አይመስለንም፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ በገዛ ፈቃዱ ስለ ወደደው ነው። አብዛኛው የወሎ ሙስሊም ሕዝብ ግን ግዴታው ሲላላ በአባቶቹ ሃይማኖት መኖሩን ቀጠለ።

በሃያኛው መቶ ዓመት ነገሩ በሕግ መስተካከል ጀመረ። የ1955 ሕገ መንግሥት የሃይማኖት ሥርዓትን ያለ መከልከል መፈጸም ይቻላል ቢልም፥ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ነበር። በሚያዝያ ወር 1974 የአዲስ አበባ ሙስሊሞች እኩልነት ይሰጠን ብለው ታላቅ ሰልፍ አደረጉ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ወዲያው ግን ደርግ ሥልጣን ያዘ። በእርሱ ዘመን ደግሞ የታዘዘው ይህን እመን ተብሎ ሳይሆን አትመን ተብሎ ነበር። በ1979 ክረምት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ። የአንዱ ሥርዓተ ጸሎት ከሌላው ይለያል፤ ገዳያቸው ግን አንድ ነበረ። አስከሬናቸውም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የ1995 ሕገ መንግሥት መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፥ ማንም ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝ መብት እንዳለው ደንግጓል።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልስ አግኝተናል። በአዋጅ የሚለወጠው ስምና ልብስ ነው፤ እምነት ግን በማስተማርና በመውደድ እንጂ በአዋጅ አይለወጥም። ይህን ለመናገር ቀላል ነው። የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ እንዲሉ፥ ሁላችንም የተወጋንበትን እንጂ የወጋንበትን አናስታውስም። ኦርቶዶክሱ የኢማም አሕመድን ዘመንና ወይና ደጋን ያስታውሳል፤ ቦሩ ሜዳን ግን አያነሣም። ሙስሊሙ ቦሩ ሜዳን ያነሣል፤ በኢማም አሕመድ ዘመን በሰይፍ ስለ ሰለሙት ግን ዝም ይላል። ካቶሊኩ በጎንደር ስለ ተሰቀሉት ካህናት ያዝናል፤ የሜንዴዝን ትእዛዝ ግን ይዘለዋል። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠርን ልጆች፥ ሩቅ ሀገር የሚሄድ አስተማሪ እንደ ፓኤዝ ወይም እንደ ሜንዴዝ ሊሆን እንደሚችል ልናውቅ ይገባናል። ሙሉውን ታሪክ የሚያነብብ ሰው በየቤቱ ሰማዕትም፥ ሰይፍ የያዘም ያገኛል።

አንዳንዶች ለሰላም ሲሉ ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው፥ ልዩነት የለውም ይላሉ። እኛ ግን ይህን አንቀበልም። ልዩነቱ እውነተኛ ባይሆን ኖሮ ወለተ ጴጥሮስ ቤቷን አትተውም፥ የወሎውም ሼህ አይሰደድም ነበር። ጓደኛዬ የሚያምነውን እንደ ቀላል ነገር መቁጠር እርሱን ማክበር አይደለም። ሃይማኖት የግል፥ ሀገር የጋራ የሚለው አነጋገር የሚፈልግብን እምነታችንን እንድንተው አይደለም፤ እንደ ገላውዴዎስ በእምነታችን ጸንተን፥ ለቃል በቃል እንድንመልስ ነው።

ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ ነገ ይህን አግዳሚ ወንበር የምትረከቡ እናንተ ናችሁ። ከጎናችሁ የሚቀመጠው ልጅ ስለሚያምነው ነገር ልትጠይቁት፥ ልትከራከሩትም ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት ግን የእርሱን ወገን ታሪክ አንብቡ፤ የራሳችሁንም ወገን ታሪክ እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡ።