ቲዩብለስ ወይስ ባለ ከመነዳሪ? የሞተር ሳይክል ጎማ ሲመረጥ ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

በአጣዬ፣ በሰንበቴ፣ በጀውሃና በሸዋሮቢት ዙሪያ ባሉ የይፋት ቆላማ ቀበሌዎች ሞተር ሳይክል የዕለት ሥራ መሣሪያ ከኾነ ሰንብቷል። የግብርና ልማት ሠራተኛው ከቀበሌ ቀበሌ ይዘዋወርበታል፤ አርሶ አደሩ ዘርና የመስኖ ሞተር መለዋወጫ ያመላልስበታል፤ አንዳንድ ጊዜም መኪና በማይገባበት ጎጥ ታማሚን ወደ ጤና ጣቢያ ያደርስበታል። በእንዲህ ያለ ጉዞ መካከል የጎማ መተንፈስ ከመዘግየት ያለፈ ጉዳት ያመጣል። በድንገት የተነፈሰ የፊት ጎማ አሽከርካሪውንም የጫነውንም ሰው ሊጥል ይችላል። ስለዚህ በጎማ ግዥ ጊዜ የሚነሳው “ቲዩብለስ ይሻላል ወይስ ባለ ከመነዳሪ?” የሚለው ጥያቄ በጥንቃቄ ሊመለስ ይገባዋል።

የሁለቱ ልዩነት

በባለ ከመነዳሪ ጎማ ውስጥ አየሩን የሚይዘው ከመነዳሪው ነው። ውጫዊው ጎማ ከመንገዱ ጋር እየተፋተገ ከመነዳሪውን ይሸፍናል እንጂ ራሱ አየር አያግድም። እሾህ ወይም ምስማር ከመነዳሪውን ሲበሳ አየሩ በቫልቮላው ቀዳዳና በራጂዎቹ ሥር በኩል በፍጥነት ይወጣል። ቀዳዳው ከተቀደደ ደግሞ ጎማው በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ባዶ ሊኾን ይችላል።

ቲዩብለስ ጎማ ከመነዳሪ የለውም። የውስጥ ገጽታው ቡቲል በተባለና አየር በማያሳልፍ ላስቲክ ተለብጧል፤ የጎማው ከንፈርም ቸርኬው ላይ ጥብቅ ብሎ በመቀመጥ አየሩን ያፍናል። ምስማር ሲወጋው ላስቲኩ ምስማሩን ጨብጦ ስለሚይዝ አየሩ የሚወጣው በዝግታ ነው። አሽከርካሪው ፍጥነቱን ቀንሶ ዳር ለመያዝ፣ አንዳንዴም ቅርብ ከተማ ለመድረስ ጊዜ ያገኛል። የቲዩብለስ ትልቁ ብልጫ ይህ የደኅንነት ጥቅም ነው።

መጀመሪያ ቸርኬው ይታይ

ብዙዎች ምርጫውን ከጎማው ይጀምራሉ፤ ምርጫውን አስቀድሞ የሚወስነው ግን ቸርኬው ነው። በራጂ የተሠራ ቸርኬ ራጂዎቹ የሚታሰሩባቸው ቀዳዳዎች ስላሉት አየር ያሳልፋል። ስለዚህ ከመነዳሪ የግድ ይፈልጋል። ባለ አንድ ወጥ ቅልጥ አሉሚኒየም ቸርኬ ግን ቀዳዳው የቫልቮላው ብቻ በመኾኑ ለቲዩብለስ ሊመች ይችላል። “ሊመች ይችላል” የተባለው ሁሉም ቅልጥ ቸርኬ ለቲዩብለስ ስላልተሠራ ነው፤ ቸርኬው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ወይም የሞተሩን መመሪያ መመልከት ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚከተሉት ሦስት ነጥቦች ሊዘነጉ አይገባም።

1. በባለ ራጂ ቸርኬ ላይ ቲዩብለስ ጎማ መግጠም ሞተሩን ቲዩብለስ አያደርገውም። ልኩ ተስማምቶ በውስጡ ከመነዳሪ ቢገባ እንኳ ሲበሳ የሚተነፍሰው እንደማንኛውም ባለ ከመነዳሪ ጎማ ነው።

2. ባለ ከመነዳሪ የተባለ ጎማ ያለ ከመነዳሪ ፈጽሞ አይነዳም።

3. የራጂ ቀዳዳዎችን በማጣበቂያ ደፍኖ ከመነዳሪውን ማውጣት አደገኛ ነው። ራጂዎች በጉዞ ላይ ስለሚንቀሳቀሱ ድፍኑ ሊለቅ ይችላል።

የይፋት እሾህና ድንጋይ

በቆላው የጎማ ዋና ጠላት የግራር እሾህ ነው። አጥር በእሾህ ስለሚታጠር ቅርንጫፉ በየመንገዱ ይረግፋል። ከመነዳሪ ያለው ሰው በእሾህ ሲወጋ ከመነዳሪውን ለጥፎ መልሶ ከማስገባቱ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ እየዳሰሰ መፈተሽ አለበት። የተሰበረው የእሾህ ጫፍ ላስቲኩ ውስጥ ከቀረ፣ ጎሚስታው የለጠፈው ከመነዳሪ ከጥቂት ጉዞ በኋላ እንደገና ይበሳል። በባዶ ጣት መዳሰስ ግን እጅን ያቆስላል፤ ጨርቁ እሾሁን ይዞ ያመለክታል።

ቲዩብለስ ጎማ ሲበሳ መሽከርከሪያውን ሳይፈቱ ከውጭ በወስፌ መሰል መሣሪያ በማስቲሽ የተለወሰ የጎማ ክር በመክተት መድፈን ይቻላል። ሥራው ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል። ኾኖም ይህ ጥገና የሚሠራው ከመንገድ ጋር በሚገናኘው ጥርስ ላይ ብቻ ነው። ጎኑ የተቀደደ ጎማ በክር አይጠገንም፤ መቀየር አለበት።

ድንጋያማው የቀበሌ መንገድ ግን ለሌላኛው ወገን ያደላል። ባለ ራጂ ቸርኬ ሲመታ ጥቂት ይለጠጣል፤ ቢጣመምም ራጂዎቹን በማጥበቅና በማላላት ይቃናል። ቅልጥ ቸርኬ በድንጋይ ሲመታ ሊሰነጠቅ ወይም ጠርዙ ሊታጠፍ ይችላል፤ ጠርዙ ከታጠፈ የጎማው ከንፈር አየር ማፈን ያቅተዋል። ከዚህም ሌላ የቲዩብለስ ከንፈር ከቸርኬው ከለቀቀ መልሶ ለማስቀመጥ ብዙ አየር በአንድ ጊዜ የሚገፋ ኮምፕረሰር ያስፈልጋል፤ በእጅ መንፊያ ብዙውን ጊዜ አይቻልም። ከመነዳሪ ግን በየትኛውም ጎጥ በእጅ መንፊያ ይነፋል።

ጎማው ላይ የተጻፈው ምን ይላል?

በጎማው ጎን ላይ “ቲዩብለስ” ወይም “ቲዩብ ታይፕ” የሚል ጽሑፍ በላቲን ፊደል ይገኛል። ቀጥሎ ልኩ ይጻፋል፤ ለምሳሌ 3.00-17 ማለት ወርዱ 3 ኢንች፣ የቸርኬው ዲያሜትር 17 ኢንች ነው። ከልኩ አጠገብ ያለው ቁጥር የሚሸከመውን ክብደት ያመለክታል፤ 50 የሚል ቁጥር ጎማው እስከ 190 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም ይነግራል። ሰውና ኩንታል ለሚጭን ሞተር ይህ ቁጥር ከዋጋው በፊት መታየት ያለበት ነው።

የተመረተበት ጊዜ በ4 ቁጥሮች ይገለጻል። 2323 የሚል ጎማ እ.ኤ.አ በ2023 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ያልተበላ ቢመስልም በፀሐይ የደረቀና ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ መግዛት አያዋጣም።

የአየር ልክ

ለሁለቱም ዓይነት የሚያገለግለው ትክክለኛ ልክ በሞተሩ መመሪያ ወይም በአካሉ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የተጻፈው ነው። ሰው ሲጫን የኋላው ጎማ ልክ ከፍ ይላል። ልኬቱ መወሰድ ያለበት ጠዋት፣ ከጉዞ በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ የጎማው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ይጨምራልና። በቀትር ሙቀት “በዝቷል” ብሎ አየር ማውጣት በማግስቱ ጠዋት ጎማውን ያጎድለዋል። የጎደለ ባለ ከመነዳሪ ጎማ ቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ቫልቮላውን ሊበጥስ ይችላል፤ የጎደለ ቲዩብለስም ከንፈሩን ሊለቅ ይችላል።

ጎማ በጉዞ ላይ ቢተነፍስ

መሪውን አጥብቆ መያዝ፣ ቤንዚኑን ቀስ ብሎ መልቀቅና በድንገት ፍሬን አለመያዝ ያስፈልጋል። የተነፈሰው የፊቱ ከኾነ የኋላውን፣ የኋላው ከኾነ የፊቱን ፍሬን በለስላሳው በመጠቀም ዳር ይያዛል።

ለማን የትኛው?

ሞተሩ ባለ ራጂ ከኾነ ምርጫው አስቀድሞ ተወስኗል፦ ጥሩ ከመነዳሪ፣ መለዋወጫ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ፣ መፍቻና የእጅ መንፊያ መያዝ ነው። አዲስ ሞተር የሚገዛና አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው አስፋልት ላይ፣ በከተሞች መካከል ሰው የሚያመላልስ ሰው ቅልጥ ቸርኬና ቲዩብለስ ቢመርጥ ደኅንነቱ ይጨምራል፤ ጎሚስታና ኮምፕረሰርም በየከተማው ያገኛል። ከአስፋልቱ ርቆ በድንጋይና በወንዝ መሻገሪያ ለሚውል ሰው ግን በእጁ ሊጠግነው የሚችለው ባለ ራጂና ባለ ከመነዳሪ ይበጀዋል። ጎማ ከመግዛት በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ “ጎማዬ ቢተነፍስ የምቆመው የት ነው? በእጄስ ምን አለ?” የሚለው ነው።