አደይ አበባ

አደይ አበባ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ሜዳዎች፣ በእርሻ ዳርና በመንገድ ጠርዝ የሚፈካ ቢጫ የዱር አበባ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ቢደንስ ማክሮፕቴራ ነው፤ ሕዝቡ ግን ቢደንስ ፕሬስቲናሪያን የመሳሰሉ የቅርብ ዘመዶቹንም አደይ ይላቸዋል። በኦሮምኛ ኬሎ ይባላል። ቤተሰቡ የእነ ሱፍና ኑግ ሲሆን፣ የአፍሪካን የቢደንስ ዝርያዎች አንድ በአንድ የለየው የኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ የመስፍን ታደሰ ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው።

ቀረብ ብሎ ላየው፣ አንድ አበባ የሚመስለው የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። በዙሪያው ያሉት ሰፋፊ ቢጫዎች ንብ ይጠራሉ እንጂ ዘር አይዙም፤ የሚያፈሩት መሐል ላይ ታጭቀው የሚታዩት ደቃቆቹ ናቸው። ልብስ ላይ እየተሰካ መንገደኛን የሚያስመርረው ጭጎጎትም የዚሁ ወገን ነው።

መስከረም 1 ቀን ልጃገረዶች አደይን ከለምለም ሣር ጋር አስረው፣ «አበባየሆሽ» እየዘፈኑ ቤት ለቤት ይዞራሉ። በጎጃም በዋዜማው እንግጫ ነቅለው ሲጎነጉኑ አደይ ይሰኩበታል። መስከረም 16 ደግሞ ችቦውና ደመራው በዚሁ አበባ ያጌጣል።

ከበዓሉ ባሻገር ዋነኛው ተጠቃሚ ንብ አርቢው ነው። አደይ ከሜጭና ከኑግ ጋር ተከታትሎ ስለሚያብብ፣ ክረምቱን በጭንቅ ያሳለፈው መንጋ ያኔ ያገግማል፤ በብዙ የደጋ አካባቢ ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሚቆረጠው ማርም የእነዚህ አበቦች ውጤት ነው። በአንጻሩ ገበሬው ከሰብሉ መሐል ሲያገኘው እንደ ማንኛውም አረም ያርመዋል።

በግቢ ማብቀል አያስቸግርም። አበባው ረግፎ ራሱ ሲደርቅና ዘሩ ሲጠቁር ይለቀማል፤ ጥላ ላይ ደርቆ በወረቀት ከረጢት ይቀመጣል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጥል አፈሩን ለስለስ አድርጎ ዘሩን መበተንና በስሱ ማልበስ ይበቃል። ቦታው ፀሐይ የሚያገኝና ውሃ የማይተኛበት ይሁን። ፍግ ከበዛበት ቅጠሉ እየተንዠረገገ አበባው ይቀንሳል። ችግኞቹ ተጨናንቀው ከበቀሉ ማሳሳት ያስፈልጋል።

አደይ የአንድ ዓመት ተክል ነው፤ ከሥሩ አያቆጠቁጥም፣ ለከርሞ የሚመለሰው በዘሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ለበዓል የሚለቅም ሰው ከሥሩ አይንቀለው፤ ግንዱን ይቁረጥ፣ ከየሥፍራውም ለዘር የሚሆነውን ይተውለት።