ፎቶግራፉ ከየት ተነሣ? የፉሪ ተራራ ምስክርነት

ብዙ ሰው ፎቶግራፍን ፈጽሞ እንደማይዋሽ ምስክር ይቆጥረዋል። እውነት ነው፣ ብርሃን የጻፈውን የሰው እጅ በቀላሉ አይፍቀውም። ነገር ግን በማናቸውም ሸንጎ ፊት ምስክር ቃሉን ከመስጠቱ አስቀድሞ «የት ሆነህ አየህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሥፍራው ያልታወቀ ፎቶግራፍ ይህን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም፤ መልክ አለው እንጂ ቃል የለውም። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤትና በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው የሚገኙት አሮጌ ፎቶግራፎች ደግሞ ብዙዎቹ በጀርባቸው የሥፍራ ስም የላቸውም፤ አንዳንዶቹም ስም ቢኖራቸው፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ሌላ ሰው በግምት የጻፈው ነው። ስለዚህ ዝም ያለውን ምስክር እንዴት ማናገር እንደሚቻል ከዚህ ቀጥለን ለማስረዳት እንሞክራለን። ለምሳሌነትም ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ የቆመውን የፉሪን ተራራ መርጠናል።

አስቀድሞ ግን ይህ ሥራ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፣ በአገራችን ምን ፍሬ እንዳስገኘ መመልከት ይገባል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር እየተመራ ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ የጦሩ መሐንዲሶች ፎቶግራፍ ማንሻ ይዘው ነበር። በመንገዳቸው ያነሷቸው ሥዕሎች ለሰሜን ኢትዮጵያ መልክዓ ምድር እስከ ዛሬ ከሚታወቁት ፎቶግራፎች ሁሉ የቀደሙ ናቸው። ከ140 ዓመት በኋላ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008፣ የቤልጅጉ የጌንት ዩኒቨርሲቲ መምህር ያን ኒሰንና የሥራ ጓደኞቹ እነዚህን ሥዕሎች በእጃቸው ይዘው፣ ገደሉን ከገደል፣ የተራራውን ጫፍ ከተራራ ጫፍ እያስተያዩ፣ የጥንቱ ፎቶግራፍ አንሺ የቆመባቸውን ሥፍራዎች ፈልገው አገኙ። ከዚያም በዚያው በበጋ ወራት፣ በዚያው አቅጣጫ 13 ሥዕሎችን እንደገና አነሡ። ሁለቱ ዘመናት ጎን ለጎን ሲታዩ የተገኘው ውጤት ብዙ ሰው ከገመተው የተለየ ሆነ፤ በእነዚያ ሥፍራዎች የዕፅዋቱ ልብስ ከ1860 ዓ.ም. ይልቅ ተሻሽሎ ተገኝቷልና።

በወሎም እንዲሁ የታሪክ ሊቁ ዶናልድ ክረሚ በ1929 ዓ.ም. የተነሡ ፎቶግራፎችን ሥፍራ ተከታትሎ፣ ከ60 ዓመት በኋላ ከሚታየው ጋር አስተያይቷል። በተመለከታቸውም ሥፍራዎች ዛፉ በዝቶ እንጂ አንሶ አላገኘውም። በዚያን ጊዜ ግን «በአውሮፓ አቆጣጠር በ1900 ገደማ ከኢትዮጵያ ምድር 40 በመቶው ደን ነበር» የሚለው አነጋገር፣ ማን እንደ ቆጠረው ሳይጠየቅ፣ ከአንዱ ሪፖርት ወደ ሌላው ሲገለበጥ ይኖር ነበር። በእርግጥ ጥቂት ሥዕሎች ስለ አገሪቱ ሁሉ አይናገሩም፤ ከታዩትም ዛፎች ብዙዎቹ ባሕር ዛፍ ናቸው። ይሁን እንጂ ሥፍራው በትክክል የታወቀ አንድ ፎቶግራፍ፣ ሥፍራው ከማይታወቅ መቶ ቁጥር ይልቅ ለሥራ መሪ እንደሚጠቅም ከዚህ እንረዳለን።

ሌላም ምሳሌ አለ። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከአውሮፕላን ያነሷቸው የአገራችን ፎቶግራፎች፣ በጠንካራ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈው በአዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ተገኝተዋል። ቁጥራቸው 8,281 ሰሌዳ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቀጥታ ወደ ታች የተነሣ፣ ሁለት ግራና ቀኙን የሚያሳዩ፣ አንድ ደግሞ ራቅ አድርጎ አድማሱን የሚያሳይ ሥዕል ይገኛል። እነዚህ ከመታወቃቸው በፊት የአገሪቱ አሮጌ የአየር ፎቶግራፎች የሚባሉት ከ1950 ዓ.ም. ወዲህ የተነሡት ነበሩ። ሆኖም ሰሌዳው ቢገኝም፣ ወንዙና ሸንተረሩ ዛሬ ካለው ካርታ ጋር ተስተያይቶ ሥፍራው ካልተለየ ከወረቀትነት አያልፍም።

አሁን ወደ ፉሪ እንመለስ። በአዲስ አበባ ዙሪያ የቆሙት ተራራዎች ለፎቶግራፍ መርማሪ እንደ ሰዓት ቁጥሮች ናቸው። በስተ ሰሜን እንጦጦ ረጅም ግድግዳ ሆኖ ይታያል። በስተ ምዕራብ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ወጨጫ ሰፊ ትከሻውን ዘርግቶ ቆሟል። በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ከከተማው መካከል ከ15 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት፣ ከ2,800 ሜትር በላይ የሆነው ፉሪ ለብቻው ብቅ ይላል። በስተ ምሥራቅ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ 3,100 ሜትር ገደማ የሆነው የረር አለ። ሰማዩ በጠራ ቀን ደግሞ በስተ ደቡብ በሩቁ፣ ራሱ ላይ ሐይቅ የተሸከመው ዝቋላ ይታያል።

ከእነዚህ መካከል ፉሪና ወጨጫ ሁለቱ ተጣምረው በአንድ ሥዕል ውስጥ ሲገኙ፣ መርማሪው ብዙ ነገር ሊያነብ ይችላል። የመጀመሪያው ደንብ የግራና የቀኝ ደንብ ነው። ከወጨጫ እስከ ፉሪ አንድ ገመድ ተወጥሯል ብለን በሐሳባችን እናስብ። የሰበታ መንገድ በሁለቱ ተራራዎች መካከል ዓለም ገና አጠገብ ይህን ገመድ አቋርጦ ያልፋል። ሥዕሉ ከገመዱ ወዲህ፣ ማለት በአዲስ አበባ በኩል የተነሣ እንደሆነ፣ ፉሪ በግራ፣ ወጨጫ በቀኝ ይሆናል። ከገመዱ ወዲያ፣ በሰበታ በኩል የተነሣ እንደሆነ ግን ወጨጫ በግራ፣ ፉሪ በቀኝ ይሆናል። ለሰበታ ሰው ፉሪ የፀሐይ መውጫ፣ ወጨጫ ደግሞ ሰሜን ነው፤ ለአቃቂ ሰው ፉሪ የፀሐይ መግቢያ ነው። በሱሉልታ ሜዳ ላይ የተነሣ ሥዕል ግን ፉሪን ሊያሳይ አይችልም፤ እንጦጦ በመካከል ገብቶ ይጋርደዋልና። ስለዚህ «ሱሉልታ» ተብሎ በተጻፈበት ፎቶግራፍ ላይ ፉሪ ከታየ፣ ጽሑፉ እንጂ ተራራው አልተሳሳተም።

ሁለተኛው ደንብ የስፋት ደንብ ነው። ክንዳችንን ወደ ፊት ዘርግተን በስንዝር ብንለካ፣ አንድ ስንዝር ከሰማዩ ክብ 20 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ከአዲስ አበባ መካከል ሆነን ስንለካ በፉሪና በወጨጫ መካከል ሦስት ስንዝር ያህል ይገኛል። ከእንጦጦ ራስ ሁለት ስንዝር ከምናምን ይሆናል፤ ከአቃቂ አንድ ተኩል እንኳ በጭንቅ ይሞላል። መደበኛ ፎቶግራፍ ማንሻ በአንድ ጊዜ ከሁለት ስንዝር ተኩል እምብዛም የበለጠ ስፋት አይዝም። እንግዲህ ሁለቱን ተራራዎች ባንድነት የያዘ መደበኛ ሥዕል ከከተማው መካከል ተነሣ ሊባል አይችልም፤ ወይ ከእንጦጦ ከፍታ፣ ወይ ወደ ምሥራቅና ወደ አቃቂ ራቅ ብሎ መፈለግ ያስፈልጋል። በቡራዩ በኩል የሁለቱ ርቀት ለከተማው መካከል የቀረበ ይሆናል፤ ነገር ግን ወጨጫ በጣም ቀርቦ ስለሚገዝፍና ፉሪ ስለሚያንስ፣ መጠናቸውን ያስተዋለ ሰው አይታለልም።

ሦስተኛው ደንብ ቅርቡን ከሩቁ ማስተያየት ነው። በሥዕሉ ላይ አንድ ቤተ ክርስቲያን ከፉሪ ጫፍ ትይዩ ቢገኝ፣ አንሺው የቆመው ሁለቱን በሚያገናኘው ቀጥታ መሥመር ላይ ነው። ሌላ ቅርብ ነገር ደግሞ ከወጨጫ አንድ ጉብታ ትይዩ ቢገኝ፣ ሁለተኛ መሥመር ተገኘ ማለት ነው። በካርታ ላይ ሁለቱ መሥመሮች የሚቋረጡበት ነጥብ የአንሺው መቆሚያ ነው። ይህንን ለመረዳት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የተማረው ጂኦሜትሪ ይበቃል፤ ካርታ፣ ማስመሪያና ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል።

ነገር ግን መርማሪው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው የተገለበጠ ሥዕል ነው። በጥንቱ የመስታወት ኔጋቲቭ ሲታተም፣ መስታወቱ በጀርባው ከተቀመጠ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሰበታ አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባም ሰበታ ይሆናሉ። በሥዕሉ ላይ ጽሑፍ ካለ ወዲያው ያጋልጠዋል። ጽሑፍ ከሌለ ግን የሰዎቹን ትጥቅ እንመልከት፤ የአገራችን ጦረኛ ጎራዴውን በቀኙ ይታጠቃል፣ ጋሻውንም በግራ እጁ ይይዛል። በአንድ ሥዕል የቆሙት ወታደሮች ሁሉ ጎራዴያቸው በግራ ከታየ፣ ጦሩ ልማዱን ትቶ ሳይሆን ሥዕሉ ተገልብጦ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ጥላ ነው። በአውሮፓ የተጻፉ መጻሕፍት የቀትር ጥላ ዘወትር ወደ ሰሜን እንደሚወድቅ ያስተምራሉ። ይህ ለእነርሱ አገር ልክ ነው፤ ለእኛ ግን ግማሽ እውነት ነው። በአዲስ አበባ አካባቢ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል፣ ማለት በግንቦት፣ በሰኔና በሐምሌ፣ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። ስለዚህ ከጥላው አስቀድሞ ወሩን መለየት ያስፈልጋል። ለዚህም ምድሪቱ ራስዋ ትረዳናለች፤ ሜዳው በአደይ አበባ ከተሸፈነ መስከረም ነው፣ ገለባና ክምር ከታየ አዝመራው ተሰብስቧል።

ሥፍራው ከታወቀ በኋላ ዘመኑን መለየት ይቀላል። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ሲሆን፣ ባሕር ዛፍ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሜዳው ገላጣ ሆኖ አንድም ባሕር ዛፍ የማይታይበት የከተማ ሥዕል እንግዲህ ከቀደሙት መካከል ነው። ባለ ስምንት ማዕዘኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሕንፃ ተፈጽሞ ከታየ ከ1903 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም.፣ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የቆመው በ1923 ዓ.ም.፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ የተመረቀው በ1957 ዓ.ም. ነው። እያንዳንዱ ሕንፃ በሥዕሉ መገኘቱ ወይም አለመገኘቱ እንደ ቀን ማኅተም ያገለግላል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ያስፈልጋል የሚል ቢኖር፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ያስታውስ። በዚያ ቀንና በተከታዮቹ ቀናት በአዲስ አበባ የተፈጸመውን እልቂት የሚያሳዩ ፎቶግራፎች አሉ፤ ካነሷቸውም ሰዎች መካከል ወራሪዎቹ ራሳቸው ይገኛሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በፍርድ ሚኒስቴር በኩል የጦር ወንጀሉን ማስረጃ በመጽሐፍ ሰብስቦ ያሳተመው፣ የሞቱት ሰዎች ቃላቸውን ሊሰጡ ስለማይችሉ ነው። እንዲህ ባለ ፎቶግራፍ ላይ ሥፍራው ሲረጋገጥ፣ የሚክደው ሰው «ይህ ሌላ አገር ነው» ብሎ ማምለጫ አያገኝም። በአንጻሩም የሌላ ሥፍራ ወይም የሌላ ዘመን ሥዕል በችኮላ «የካቲት 12» ተብሎ ከቀረበ፣ አንዱ ስሕተት የእውነተኞቹን መቶ ምስክሮች ቃል ያጠራጥራል። ለሞቱት ሰዎች የምንከፍለው የመጀመሪያው ዕዳ፣ የወደቁበትን ሥፍራ ሳያሳስቱ መናገር ነው።

ጊዜውም አይጠብቀንም። በፉሪ ግርጌ ትናንት እርሻ የነበረው ምድር ዛሬ መንደር ሆኗል። ከሰበታ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አዲሱ የባቡር ሐዲድ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው በዚያው በፉሪና በለቡ አካባቢ ተሠርቷል፤ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲቋቋም ፉሪ ከክፍለ ከተሞቹ አንዱ ሆኗል። ልማቱ የሚያስደስት ነው። ሆኖም ጅረቱ ሲደፈን፣ ዋርካው ሲቆረጥ፣ አሮጌው መንገድ ሲቀየር፣ የቅርቡ ምልክት ሁሉ ይጠፋል፤ «ይህ የእገሌ ማሳ ነበር» ብሎ የሚነግረን ሽማግሌም አንድ በአንድ ይለየናል። የሚቀረው ተራራው ብቻ ነው። ፉሪ ለማድመጥ የሚመች ተራራ መሆኑን የሌላ ሙያ ሊቃውንትም ያውቃሉ፤ የምድርን መንቀጥቀጥ በሚከታተለው ዓለም አቀፍ መረብ ውስጥ በዚሁ ተራራ ላይ የተተከለና «ፉሪ» በሚል ስሙ የሚታወቅ ጣቢያ አለ።

ስለዚህ አንባቢዎቻችን ሁሉ እንደየሥራቸው የሚያደርጉት ነገር አለ። የመዝገብ ቤት ሹም በእጁ ያለውን ፎቶግራፍ ሲመዘግብ፣ የተረጋገጠውን በቀለም፣ የተገመተውን በእርሳስ ለይቶ ከጀርባው ይጻፍ። መምህር ተማሪዎቹን ወደ ኮረብታ አውጥቶ፣ አሮጌ ሥዕል በእጃቸው አስይዞ፣ አንሺው የቆመበትን ሥፍራ ያስፈልጋቸው፤ ጂኦግራፊና ታሪክ በአንድ ቀን ይማራሉ። ተማሪም በአያቱ ሣጥን ውስጥ ያለውን ሥዕል ይዞ፣ አያቱ በሕይወት ሳሉ ሥፍራውንና የሰዎቹን ስም ይጠይቅ። ዛሬ የምናነሣውም ፎቶግራፍ ነገ አሮጌ መሆኑ ስለማይቀር፣ ሥፍራውን፣ ቀኑንና የቆምንበትን አቅጣጫ እንጻፍበት። አንድ መሥመር ጽሑፍ ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣውን ሰው ግን ከብዙ ተራራ መውጣትና መውረድ ታድነዋለች።