ሃያ ስምንት ጊዜ የተወረወሩት ድመቶች

ይህን ፎቶ አንድ ቦታ ሳታዩት አትቀሩም። ጢሙን እንደ ቀንድ ወደ ላይ የጠቀለለ ሰውዬ አየር ላይ ነው። ሦስት ድመቶች ከጎን ተወርውረው እየበረሩ ነው። በመሃል ውሃ እንደ ነጠላ ተጠማዝዞ ያልፋል። ወንበሩ መሬት አልነካም። የሥዕል ማቆሚያውም አልነካም። ሁሉም ነገር ተንሳፍፏል፣ ልክ በሕልማችን እንደምናየው።

ላሳየሁት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ፎቶሾፕ ነዋ!» አሁን አሁን ደግሞ «ኤአይ ነው» ሆኗል። ፎቶው የተነሳው ግን በ1948 ኒውዮርክ ውስጥ ነው (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ፎቶሾፕ ገበያ ላይ የወጣው በ1990። አርባ ሁለት ዓመት ልዩነት!

የሚዘለው ሰውዬ ስፔናዊው ሠዓሊ ሳልቫዶር ዳሊ ነው፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። ካሜራውን የያዘውን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ፊሊፕ ሃልስማን ይባላል። ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ እሱ ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በ1924 ፓሪስ ላይ ገጣሚው አንድሬ ብሬቶን የሰርሪያሊዝምን ማኒፌስቶ አወጣ። ነገሩ ባጭሩ ሕልምና እውን ተቀላቅለው አንድ ይሁኑ ነው። ለሠዓሊ ይኼ ብዙም አይከብድም፤ ሰዓት ይቅለጥ ካለ ብሩሹን አንስቶ ያቀልጠዋል። ፎቶ አንሺ ግን ፊቱ ያለውን ነው የሚያነሳው። ድንጋይ ይወድቃል፣ ውሃ ይፈሳል፣ ሰው መሬት ላይ ይቆማል። ስለዚህ መላ ፈለጉ። ማን ሬይ የሚባለው አሜሪካዊ በዚያው በ1924 የአንዲት ሴት ራቁት ጀርባ አነሳ፤ ከዚያ በታተመው ፎቶ ላይ የቫዮሊን ቀዳዳዎች ሣለበትና መልሶ ፎቶ አነሳው። ሴትዮዋ ቫዮሊን ሆና ቁጭ አለች። (ያ ፎቶ በ2022 ጨረታ ላይ ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል።) ሌሎቹ ደግሞ ኔጋቲቭ ደራርበው ያትሙ ነበር። ሃልስማን የመረጠው ከሁሉም አድካሚውን መንገድ ነው፤ ነገሩን የምር አየር ላይ ማድረግ።

ሃልስማን በ1906 ሪጋ፣ የዛሬዋ ላትቪያ ውስጥ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በ1928 የ22 ዓመት ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር በኦስትሪያ ተራሮች ላይ በእግር ሲጓዙ አባቱ ጭንቅላቱ ላይ በደረሰበት ጉዳት ሞተ። ልጁ ገደለው ተባለ። ሲገድል ያየ አንድ ምስክር አልነበረም። በዚያ አካባቢ የነበረው የአይሁድ ጥላቻ ግን ከምስክር በላይ ሠርቷል። መጀመሪያ አሥር ዓመት ፈረዱበት፤ ጉዳዩ እንደገና ሲታይ አራት ዓመት ሆነ። አልበርት አንስታይን፣ ሲግመንድ ፍሮይድ፣ ቶማስ ማን ሳይቀሩ ጮኹለት። በ1930 በምሕረት ተለቀቀና ከአገሩ ውጣ ተባለ።

ፓሪስ ገብቶ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ስምም አወጣ። በ1940 ጀርመኖች ፓሪስ ሲገቡ ደግሞ እንደገና ስደት። አሜሪካ ለመግባት ቪዛ ያገኘው አሁንም በአንስታይን እርዳታ ነው። በ1941 ከዳሊ ጋር ተዋወቁ፤ ወዳጅነታቸውም ከሠላሳ ዓመት በላይ፣ ሃልስማን በ1979 እስኪሞት ድረስ ዘለቀ።

አሁን ወደ ፎቶው እንመለስ። ያኔ ዳሊ «ሌዳ አቶሚካ» የሚባል ሥዕል እየሠራ ነበር። ሂሮሺማ ላይ ቦምብ ከተጣለ ገና ሦስት ዓመት ገደማ ነው፤ ዳሊንም የአቶም ነገር ይዞታል። ቁስ ሁሉ በውስጡ እርስ በርስ በማይነካኩ ቅንጣቶች የተሠራ ነው የሚለውን ሐሳብ ወስዶ ሥዕሉ ውስጥ ምንም ነገር ምንም ነገር እንዳይነካ አደረገ። ሴትዮዋ መቀመጫዋን አትነካም። ባሕሩ እንኳን ዳርቻውን አይነካም። ሃልስማን ይህን አየና «በፎቶስ?» አለ።

ዳሊ መጀመሪያ ያመጣው ሐሳብ ምን ነበር መሰላችሁ? ዳክዬ ውስጥ ዲናሚት አስገብተን እናፈንዳ፣ ስትፈነዳ እኔ እዘላለሁ! ሃልስማን፣ እዚህ አሜሪካ ነው ያለነው፣ ዳክዬ ካፈነዳን እስር ቤት ነው የምንገባው ብሎ መለሰለት። ታሪኩ ሁልጊዜ እንደ ቀልድ ነው የሚወራው። እኔ ግን ሳነበው ቀልዱ አላሳቀኝም፤ ተናጋሪው እስር ቤትን የሚያውቅ ሰው ነዋ። ብቻ ዳክዬዋ ቀረችና ድመትና ውሃ ተተካ። ከውሃው በፊት የታሰበው ወተት ነበር፤ ሰው የጦርነቱን ጊዜ እጥረት ገና ስላልረሳ ወተት ሲደፋ ቢያይ ይቀየማል ተብሎ ተተወ።

የዕለቱ ሥራ እንዲህ ነበር። የሥዕል ማቆሚያው፣ መረገጫውና «ሌዳ አቶሚካ» በቀጭን ሽቦ ከላይ ተንጠለጠሉ። ወንበሩን የሃልስማን ሚስት ኢቮን ከዳር ቆማ በእጇ ይዛ አነሳችው። ሦስት ረዳቶች አንዳንድ ድመት ያዙ፤ አራተኛው ባልዲ ውሃ። ሃልስማን ይቆጥራል። ሦስት ሲል ድመቶቹና ውሃው ይወረወራሉ፤ አራት ሲል ዳሊ ይዘላል፣ ፍላሹም ይበራል። ከዚያ ረዳቶቹ ወለሉን ይወለውላሉ፣ ድመቶቹን እየፈለጉ ይይዛሉ፣ ያባብላሉ። ሃልስማን ደግሞ ጨለማ ክፍል ገብቶ ፊልሙን ያጥባል። ያያል። አልሆነም። እንደገና!

ያልሆኑት ፎቶዎች ዛሬም አሉ፤ ለእኔ ከዋናው የማይተናነሱ ናቸው። በአንዱ ውሃው ድመቷን ትቶ ዳሊ ላይ ተደፍቷል። በሌላው ዳሊ ዘግይቶ ዘሏል። በሌላው ጸሐፊዋ ሳታስበው ፎቶው ውስጥ ገብታለች። ሃልስማን ራሱ እንደተናገረው ስድስት ሰዓት ፈጀ፤ ውርወራውም 28 ጊዜ። እንግዲህ እያንዳንዷ ድመት 28 ጊዜ ተወርውራለች ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ይኼ ነገር ዛሬ ቢሆን አይፈቀድም፤ ባይፈቀድም ደስ ይለኛል። ፎቶውን ወድጄው ድመቶቹ ግን ያሳዝኑኛል።

በመጨረሻ ያ አንዱ ተገኘ። ሽቦዎቹና የኢቮን እጅ ከፎቶው ላይ እንዲጠፉ ተደረገ። ማቆሚያው ላይ ያለው ፍሬም ፎቶው ሲነሳ ባዶ ነበር፤ ዳሊ የሚበሩትን ድመቶች የሚያስታውስ ትንሽ ሥዕል ሠራና እዚያ ገባ። «ላይፍ» መጽሔት ሁለት ገጽ ሙሉ አድርጎ አወጣው። ስሙም «ዳሊ አቶሚከስ» ተባለ። ስለዚህ «ተነካክቷል» የሚል ሰው ፈጽሞ አልተሳሳተም፤ የተነካካው ግን ሽቦው ነው። ዝላዩ፣ ውሃውና የድመቶቹ ድንጋጤ የእውነት ነው።

ሃልስማን ከዚያ በኋላም ሰው ማዘለሉን አልተወም። ፎቶ ሊነሳ የመጣውን ትልልቅ ሰው ሁሉ «እባክዎ አንዴ ይዝለሉልኝ» ይል ነበር። ሰው ሲዘል ሐሳቡ ዝላዩ ላይ ስለሚሆን ፊቱ ላይ ያደረገው ጭንብል ይወልቃል ብሎ ያምናል። ማሪሊን ሞንሮ ዘለለችለት። ሪቻርድ ኒክሰን ዘለለ። የዊንዘር መስፍንና ባለቤቱ ጫማቸውን አውልቀው ዘለሉ። በ1959 ሁሉንም ሰብስቦ መጽሐፍ አድርጎ አሳተማቸው። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የአቶም ቦምቡን ሥራ የመራው ሮበርት ኦፐንሃይመርም አለ፤ ሱፉን እንደለበሰ፣ አንድ እጁን ወደ ጣሪያው ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ።

ሽቦው የሚታይበትን የ«ዳሊ አቶሚከስ» ፎቶ ማየት የፈለገ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ስብስብ ውስጥ ያገኘዋል። ከታተመው ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት። በግራ በኩል ወንበሩን የያዘችውን እጅ ፈልጉ።